እትዬ ስልክ ሐሙስ የትም አልሄዱም

እትዬ ስልክ ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ስሙም አብሯቸው ወጣ።

ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ። የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ልጃቸው ግን በማግስቱ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ሳሎን ጥግ ላይ ካሜራ ሰቀለ፤ የውጭው በር ላይ በስልክ የሚከፈት ቁልፍ ገጠመ፤ መብራቱንም ከቢሮው ሆኖ ያበራ ያጠፋ ጀመር።

"ሰላይ አስገባህብኝ" አሉት።

"ኧረ በፈጠረሽ እማዬ! ከወደቅሽ ብቻ ነው የሚነግረኝ። ሌላ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚውለው።"

አመኑት፤ ልጅ ነዋ። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ይከነክናቸው ጀመር። ወደ መስኮቱ ሲሄዱ ካሜራው አንገቱን ያዞራል፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ይመለሳል። ወድቀው አይደለም፣ ሻይ ይዘው ነው። "ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንገት አለው ያለኝ ግን የለም" ብለው መንገድ ዳር ላለው ሞባይል ሰሪ ነገሩት።

ሞባይል ሰሪው ሊስቅ ብሎ ተወው። "እትዬ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል?"

"የምን ቃል?"

"ከፋብሪካ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከሆነ ጉድ ነው። ያንን ያወቀ ሁሉ ከየትም ሆኖ ያይዎታል፣ ይሰማዎታል፤ በሩንም ይከፍታል።"

ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን በመጥረጊያ እንጨት ያወርደው ነበር። እትዬ ስልክ ግን የአድማጭን ጠባይ ያውቃሉ። ወጣት ሳሉ እሳቸውም አንድ ሰሞን የባልና ሚስት ጭቅጭቅ አዳምጠዋል፤ እንደሚጣፍጥም አይክዱም። የያዘቻቸው አለቃቸው ነበረች። ወሬ የምታወጣውን ሠራተኛ ስትፈልግ በአንድ መስመር ብቻ አንድ ውሸት ታስወራለች፤ ከዚያ ውሸቱ በማን በኩል እንደሚመለስ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ማክሰኞ ጠዋት ካሜራው ሥር ቆመው ያልተደወለ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። "እህቴ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። እስከ ቅዳሜ አንቺው ጋ ነኝ። ቤቱ እንደሆነ ተቆልፎ ይውላል" አሉ። ይህን ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ለእህታቸውም ጭምር።

ሐሙስ ማለዳ ሻንጣ ይዘው በካሜራው ፊት ወጡ፤ በጓሮ ዞረው ወጥ ቤት ገቡ። ሞባይል ሰሪውን ፖሊስ እንዲጠራ አጠገባቸው አስቀመጡት። ለራሳቸው ዘነዘና ያዙ።

አምስት ሰዓት ላይ የውጭው በር ጢጥ ብሎ ተከፈተ። የሦስት ሰው ኮቴ ገባ።

"ሳሎኑን እዩት! ይሄ ግድግዳ ቢፈርስ ደግሞ አዳራሽ ነው" አለ አንዱ። ደላላን ከድምፁ ለመለየት ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት መሥራት አያስፈልግም።

"እናትየውስ?" አለች አንዲት ሴት።

"ስለ እሷ አታስቢ። አሁን አሁን ብቻዋን ታወራለች። ቪዲዮው አለኝ፤ ካስፈለገ ለዳኛ አሳያለሁ።"

የልጃቸው ድምፅ ነበር።

ዘነዘናውን መሬት ላይ አስቀመጡት። የማያውቁትን ሌባ ሁለት ቀን ሙሉ ሲረግሙት ሰንብተዋል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ሞባይል ሰሪውን ፖሊስ እንዳይጠራ ከልክለው አስከትለውት ወጡ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ። "ይሄ ቤት ባለቤት አለው። ባለቤቱም ጤነኛ ነው፤ አይሸጥም። አሁን ውጡልኝ!"

ደላላው ከሁሉ ቀድሞ ተፈተለከ። ሴትዮዋ ይቅርታ እየጠየቀች ተከተለችው።

"እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ለምን እኔ በሌለሁበት? ስልክህን አምጣ።"

"እማዬ..."

"አምጣ አልኩህ!"

ሰጣቸው። ለሞባይል ሰሪው አቀበሉት፤ "ቤቴን ከዚህ ውስጥ አውጣልኝ፤ ቪዲዮዎቹንም" አሉት። ራሱ ላይ ቆመው አንድ በአንድ እያስነበቡ አስጠፉ። በሩም፣ መብራቱም፣ ካሜራውም ወደ እሳቸው ስልክ ዞረ።

"አዲሱን የይለፍ ቃል እርስዎ ይጻፉ። ረዘም ያድርጉት፤ እኔም ማየት የለብኝም" ብሎ ሞባይል ሰሪው ጀርባውን ሰጣቸው። ረጅም ጻፉ።

"ብትወድቂስ?" አለ ልጃቸው። የእውነቱን ፈርቶ ነበር፤ እሳቸውም አይተውታል።

"ከወደቅኩ እጠራሃለሁ። ካልጠራሁህ ደግሞ እንደ ሰው አንኳኩተህ ትመጣለህ።" በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ጠቆሙት። ወጣ። ዘጉት።

ከዚያ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ልጅሽ ነኝ፣ እማዬ። ልግባ?"

እትዬ ስልክ መዝጊያውን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

"ዛሬ አይመቸኝም" አሉ። "እሁድ ና።"