የአክታ ያለህ!

እኔ ስስል ጎረቤት "ኧረ አስተኙን!" እያለ ግድግዳ ይደበድብ ነበር። ያን ሁሉ ሳል ዛሬ ለምኜ አጣሁት! ጉድ እኮ ነው!

የያዘኝ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው፤ ተራው ክኒን አይበግረውም። ግትርነቱ ከእኔ ሳይጋባበት አልቀረም። ለእሱ የታዘዘልኝ መድኃኒት ደግሞ ሆዴን ገለባበጠው፣ እግሬን አደነዘዘው፣ ፊቴን አጠቆረው። ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መስታወት ሳይ "ይቺ ደንበኛ ደግሞ ማናት?" እላለሁ። ባለፈው ወር ግን አክታዬ ሲመረመር ንጹህ ወጣ። አሁንም ከደገመ ቤቴ ገብቼ መድኃኒቱን እዚያው እጨርሳለሁ፤ ልጄንም እስማታለሁ። ገና ሕፃን ናት። እስካሁን እኔ ጭምብል አጥልቄ በሆስፒታሉ አጥር ማዶ እጅ እያወዛወዝን ነው የምንኖረው። ናፍቆቷ ሊገድለኝ ነው።

ሲስተር ግቢው ውስጥ አራርቃ አስቀመጠችንና ክዳን ያለው ዕቃ አደለችን። "ከደረት የወጣ አክታ ነው የምፈልገው፤ ምራቅ እንዳትሰጡኝ! ካልተገኘ ለሚቀጥለው ወር ነው" ብላ ሄደች።

ሳልኩ፤ ምንም። ጎንበስ አልኩ፣ ደረቴን ደለቅሁ፤ ምንም! በቅርቡ የገባው በሽተኛ፣ ሹፌሩ፣ የራሱን ሞልቶ ሲያበቃ አዘነልኝ መሰል ተነስቶ መጣ።

"ምን ያስጨንቅሻል እህቴ? እኔ ጋ ሞልቶ ተርፏል!" አለና አግዳሚው ላይ ያስቀመጥኩትን ዕቃ አንስቶ እንትፍ!

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ያንተ እኮ በሽታው ገና የሚጨፍርበት ነው! ልጄን ልታስነጥቀኝ ነው?"

ክው አለ። "ላግዝሽ ብዬ ነዋ! እኛ መንገድ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ስናገኝ ከራሳችን ነው የምንቀዳለት።"

ነዳጅ! በቁጣዬ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ሳል ጠራ፤ ሳሉ አክታውን ጎትቶ ከች!

"ዕቃ! በሞቴ ሌላ ዕቃ!" ብዬ አፌን በእጄ ከድኜ አጉረመረምኩ። ሲስተር እየሮጠች አደረሰችልኝ።

ሳምንታት ጠብቀን ውጤቱ መጣ፤ የእኔ ንጹህ። የሹፌሩ ግን ገና አልለቀቀውም፣ መድኃኒት ሊቀየርለት ነው። አንጀቴን በላው። እሱ ግን በመስኮት ብቅ ብሎ እያፏጨ ሸኘኝ።

በር ላይ እናቴ ልጄን ይዛ ቆማለች። ልጄ ስታየኝ የአያቷ ቀሚስ ሥር ተሸጎጠች። ጭምብሌን አወለቅሁ። ቀስ ብላ ወጣች፣ አየችኝ፣ ጣቷን ጥርሴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፦

"እማዬ አፍ አላት!"

ጉንጯን "በቃኝ!" እስክትል ሳምኩት።