አቧራ የለበሰው አልበም

በቢቸና የይታያል ምላጭ ያላረፈበት አገጭ ካለ፣ ወይ የሴት ነው ወይ ገና አልተወለደም። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሃምሳን ረግጧል፣ ፀጉሩ ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው። በሱ አፍ ሲነገር ሁሉም ነገር ያብጣል፤ በደጃፉ ያለፈች ካፊያ ጎርፍ ትሆናለች፣ የነከሰችው ቁንጫ ጅብ ታክላለች። ሳያጋንን የሚወደው ነገር ቢኖር የሰሎሜን ዘፈን ነው።

ሰሎሜ የሞጣ ልጅ ናት። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትሠራለች፣ ክራሯንም ራሷ ትመታለች። ድሮ ገና ሳይታወቅላት በሞጣ ጠጅ ቤቶች ስትዘፍን፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ከተቀመጠው ሰው አንዱ ብድግ ይልና ሁለት ስንኝ ግጥም ይሰጣታል። እሷም ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳትመርጥ ተቀብላ በዜማ ታወጣዋለች። የተሰጠውን አልቀበልም ያለ ዘፋኝ በዚያ አገር ዘፋኝ አይባልም። ይታያልም ለገበያ ሞጣ በወጣበት ጊዜ አንድ ሁለቴ ሰጥቷት ይሆናል። ቢቸና ተመልሶ ሲያወራው ግን ሰሎሜን ግጥም እያጎረሰ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እናቷ የወለደቻት ብቻ ናት።

እናም አዲሱ አልበሟ ወጣ ሲባል ከተማው ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ኔቱ እንደማይረባ ስለሚታወቅ፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አልበሙን ከሞጣ በፍላሽ አስጭኖ አመጣለት። ያን ቀን ጠዋት ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንበሩ ላይ መምህር ወልደ ኪዳን ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ተቀምጠዋል። ይታያል ምላጩን አስቀመጠና ፍላሹን ሰካ። አሁን የምትሰሙት ድምፅ፣ አለ፣ ጣና ላይ ቢለቀቅ ጉማሬ ያስለቅሳል።

ስፒከሩ ሽሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ፤ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ጥሬ የምትለቅም ይመስላል።

ይታያል አጠፋው፣ እንደገና አበራው። ያው ነው። ስፒከሩን ፈታ፣ ሆዱን በአልኮል በነከረው ጥጥ ወለወለ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ፍላሹን እፍ አለበት። የመምህሩ አረፋ ፊታቸው ላይ ደርቆ መሰንጠቅ ጀመረ። መልሶ ቢከፍተው ሽሽታው አልቀነሰም። ከሽሽታው ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደሚጣራ፣ ሰሎሜ ትዘፍናለች። በላይዋ ላይ ትራምፔት ይጮህባታል፣ ኦርጋን ያቃስትባታል። ክራር የሚባል ነገር የለም።

ሞጣ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ሙሐመድሸሪፍ የሚባል ጓደኛ አለው፤ በሰሎሜ ፍቅር ከሱ የማይተናነስ። ደወለለት።

«ፍላሹን ውሻ ልሶታል እንዴ?» አለው።

«ፍላሹ ደህና ነው፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። የድሮ ሸክላ እንዲመስል።»

«ቋ ቋ የሚለውስ?»

«እሱ ጭረቱ ነው። ባለሙያ ቀጥረው ነው ያስጨመሩት።»

ይታያል ስልኩን ከጆሮው አርቆ እንደ ሞተ አይጥ አየው። እሱ በካሴት ዘመን ያን ሽሽታ ለማጥፋት ቴፑን በጥጥ ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። አሁን ያንኑ ጉድፍ ሰው ቀጥረው ሲያስጨምሩት ሰማ። ሬት የላሰ ያህል አፉ ተጣመመ።

እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛው ዘፈን ላይ ራሱን ይስት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ያደረ ሽሮ ይሸታል፣ አለ። አምስተኛው ላይ የገባው ሳክስፎን ቁርጠት የያዘው ግመል ነው። የሽፋኑን ፎቶ በስልክ ሲያሳዩትማ ፊቱን አዞረ፤ ሰሎሜ፣ ያቺ ሹሩባ ተሠርታ ክራር ታቅፋ የሚያውቃት ልጅ፣ ፀጉሯን እንደ ድርቆሽ ክምር አቁማ፣ ሱሪዋ ከታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ አሮጌ ቮልስ ተደግፋ ቆማለች። እሷ እኮ ስትወለድ ያ ሱሪ ድሮ አልቆ ጨርቁ ወለል ይወለወልበት ነበር።

መምህር ወልደ ኪዳን በደረቀ አረፋቸው ውስጥ ሆነው፣ ምናልባት ያሳደግሃት ልጅ ትታህ ይሆናል አሉት። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

ነገሩ እዚህ ላይ የምር ሆነ። ይታያል ምላጩን አንስቶ በሁሉም ፊት ቃል ገባ። ሰሎሜ በሚቀጥለው ሳምንት ለአልበሙ ምረቃ ሞጣ አዳራሽ ትዘፍናለች። ሄዶ ግጥም ይሰጣታል። ከተቀበለች ያቺው ሰሎሜ ናት። ካልተቀበለች ግን የሷ ድምፅ ከዚህ በር አይገባም፤ እሱም ስለ ዘፈን ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ዝም ያለ ይታያል ምን እንደሚመስል በቢቸና ማንም አያውቅም።

በደብረ ወርቅ አድርጎ በሚኒባስ ሲሄድ ሹፌሩ ያንኑ አልበም ከፍቶ ስለነበር፣ ሞጣ ሲደርስ ጥርሱ በንዴት አልቆ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ሙሐመድሸሪፍ መናኸሪያ ተቀበለው። እየሄዱ፣ ሕዝብ ፊት ውርደት ይመጣብሃል ብሎ መከረው። ውርደትስ ያንን ሱሪ መልበስ ነው አለ ይታያል።

አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ሞላ። ሰሎሜ ወጣች፤ ፀጉሩም ሱሪውም አሉ፤ ትልቅ ጥቁር መነጽርም ጨምራበታለች። ከኋላዋ አንድም ሙዚቀኛ የለም። አንድ ልጅ እግር ሰው ላፕቶፕ ነካ ሲያደርግ፣ ያ ሽሽታ በአራት ትላልቅ ስፒከሮች ሕዝቡ ላይ ተደፋ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ግጥም የሚሰጥበት ቦታ የለም። ክራር ሲሆን እሷ ታቆመዋለች፣ ታዘገየዋለች፣ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። ላፕቶፕ ማንንም አይጠብቅም።

ቢሆንም ተነሳ።

«ድምፅሽ ሳይሸመግል አቧራ አለበስሽው፣
ሕያው ነው ሰሎሜ፣ ለምን ገነዝሽው?»

ትራምፔቱ ዋጠው። አጠገቡ ያሉት ወጣቶች ተቀመጥ፣ አባባ እያሉ ሳቁበት። እሷም ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችለትና ዘፈኗን ቀጠለች፤ አድናቂ ሲጮህ እንደሚደረገው። ይታያል እዚያው ቆሞ ቀረ። ሙሐመድሸሪፍ ኮቱን ይዞ ሲጎትተው፣ ቢቸና፣ ወንበሩ፣ ከንግዲህ በዝምታ የሚላጨው አገጭ ሁሉ በዓይኑ መጣ። እንደገና ሰጣት፤ አሁን ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ።

ሰሎሜ አፏን ዘጋች። ትራምፔቱ ብቻውን ትንሽ ሄደና፣ እጇን ስታነሳ ልጁ ላፕቶፑን አጠፋው።

«ማነው የሰጠኝ?» አለች።

«ይታያል ነኝ፤ የቢቸናው።»

ታውቀው አታውቀው ከፊቷ አልተነበበም። መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመላት። እሷም ያለ ክራር፣ ያለ ምንም፣ በባዶ ድምፅዋ ተቀበለችው። ለምን ገነዝሽው የሚለውን ሁለቴ መለሰችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ጣሪያው ሥር ወጥቶ ቆመ። ሙሐመድሸሪፍ ኮቱን ለቀቀ። የይታያል ፀጉር ከነሥሩ ቆመ። በኋላ ሲያወራው እዚያ የነበረ አምፖል ሁሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ ይላል፤ ቢጠፋም አይገርምም። ሰሎሜ ግን አልጨረሰችም፤ ፀጉሩን ትኩር ብላ አይታ፣ በዚያው ዜማ መለሰችለት።

«እርጅናን ሲጸየፍ ፀጉር ቆራጩ ሰው፣
የራሱን ሽበት ግን ቀለም አለበሰው።»

ሞጣ በሳቅ ፈረሰች። ይታያል ተሰደበ፤ በዓለም ላይ እንደሱ አምሮበት የተሰደበ ሰው የለም። ላፕቶፑ ተመልሶ ሲከፈት ግን ጆሮውን ይዞ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢቸና ሱቁ ውስጥ ሲላጭ፣ አንድ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆሞ አዲስ የወጣ ዘፈን አሰማ። በሞጣ አዳራሽ የተቀዳው ነው። ግጥሙ አለ፣ መልሱ አለ፣ ሳቁም አለ። ሽሽሽሽም አለ። ባለሙያው የይታያልን ድምፅ ሸክላ አስመስሎ፣ ጭረት ጨምሮበት፣ ከመቃብር የሚናገር አድርጎታል። ሕዝቡ ከአልበሙ ሁሉ እሱን መርጦ በየባጃጁ ያዞረዋል።

ይታያል በሩ ላይ ወጥቶ ምራቁን እንትፍ አለ። ድምፁን ሲሰማ ቀፈፈው፤ የሞተ አጎቱ በሬዲዮ የሚያወራ መሰለው። መምህር ወልደ ኪዳን ከወንበሩ ላይ ሆነው፣ እንግዲህ ሰሎሜ ከዚህ በር ትግባ አትግባ አሉት።

«ተቀብላኛለች» አለ ይታያል። «ትግባ።»

ምላጩን አነሳ። ፊቱ እንደተኮማተረ፣ ባጃጁ እስኪሄድ ድረስ ሽታ እንደሸሸ ሰው በአፉ ብቻ እየተነፈሰ፣ የመምህሩን አገጭ ያዘ።

«አሁን የሰሙት ሰው» አላቸው «ድምፁ እንዲህ አይደለም። በደህናው ጊዜ ቢሰሙት ደጀን ድረስ ይሰማል።»