የምንይችል ኮርቻ

«“የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ” ይላል። እዚህ ላይ ፈርሚ» አሉ አቶ አስማረ ወረቀቱን ወደ እንቁ እያዞሩ።

እንቁ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። አዛውንቱ እንጅባራ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ከጎኗ የባሏ ታላቅ ወንድም ምህረቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

«መጥፋት ማለት ሞት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«አይደለም ልጄ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ወሬው ያልተሰማ ሰው ጠፋ ይባላል። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ካልመጣ ይወስናል።»

«እርስዎ የሚጽፉት አማርኛ ነው ግዕዝ?» አለ ምህረቴ።

«ሕግ ነው። ለሁለቱም ዘመድ አይደለም።»

ባሏ ምንይችል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ አራት ዓመት ሆኖታል። ስልኩ አይጠራም። አብረውት የሄዱት ተመልሰዋል፤ የት እንደተለያቸው የሚያውቅ ግን የለም። ባልና ሚስቱ የተከሉት የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ደርሷል። የመሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም ስለሆነ፣ ገዢው «ባልሽ ካልፈረመ መጥረቢያ አላነሳም» ብሏታል። ከምንይችል ፈረስ በቀር በቤቱ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለም።

አቶ አስማረ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳትፈርሚ አንድ ነገር እወቂ። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻውም ይፈርሳል።»

«እኔ የመጣሁት ለዛፉ ነው።»

«አውቃለሁ። ሕጉ ግን ዛፉን ብቻ ለይቶ አይሰጥሽም።»

እንቁ ወረቀቱን አየችው። አልከፋትም፤ እንባም አልመጣትም። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። በልጅነቷ እንደተማረችው ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ምህረቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሕግም ጠፋ ካለ እኛ ምን እንጠብቃለን? ለዕድሩ ልንገርና እሁድ ፈረሱን ጭነን እናልቅስለት። እናቴ እንኳ ይውጣላት።»

በአገራቸው ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ የባለቤቱን ኮርቻ ተጭኖ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቅሶው መሐል ይጎተታል። ያንን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሟቹን አይጠብቅም።

«ለዕድሩ አይንገሩ፣ አያ ምህረቴ» አለች።

«ፈርመሻል እኮ።»

«ለዛፉ ነው የፈረምኩት።»

ምህረቴ ጋቢውን መልሶ ተከናነበ።

ቤት እንደገባች በርጩማ ላይ ወጥታ ኮርቻውን ከግድግዳው አወረደች። ቆዳው ደርቆ ጠርዝ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ቅቤ አመጣችና እርካቡ የተንጠለጠለበትን ጠፍር ሳይቀር እያሸች ቀባችው። ከዚያም በርጩማው ላይ ተመልሳ ወጣችና፣ ከቤቱ ሰው የምንይችል እጅ ብቻ በሚደርስበት ሚስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው።