ደወል የሌላት ሳይክል

ወልድያ ውስጥ ወንዳወቅ ጀምሮ የሚጨርሰው ነገር ቢኖር ምሳውን ብቻ ነው ይባላል። ማስተርሱን ጀምሮ ተወ፤ ክራር ጀምሮ ተወ፤ ፂሙን እንኳ ማሳደግ ጀምሮ ጉንጩ ላይ ሲደርስ ሰለቸው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። "ካርታ እንጂ መንገድ መች ያውቃል" እያሉ ባልደረቦቹ ሻያቸውን ያጣጥሙበታል። ሐሜቱ እውነት ስለነበረ ያንገበግበዋል።

በዚህ ዓመት ግን አንድ ነገር ሊጨርስ ማለ። ከመርሳ ተነሥቶ አስፋልት ሳይነካ፣ በጫካና በማሳ መካከል ግራና ገበያ የሚያደርስ የሳይክል መንገድ ሊያወጣ ነው። ክረምት ከበጋ ሲዳክር፣ በእሾህ ሲቀደድ፣ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ ከረመና አገኘው። ችግሩ ንጉሴም ሌላ መንገድ አገኘሁ ማለቱ ነው። ንጉሴ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሆዱ ከሳይክሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ መንገዴ የሚለውም ገልባጭ መኪና የሚመላለስበትን ሰፊውን የአፈር ጥርጊያ፣ ፒስታውን ነው።

የከተማው የሳይክል ማኅበር ሰብሳቢ ሩት ክርክሩ ታከታት። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ቀን ተቆርጧል፤ የሚጋልቡበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ መሆን አለበት።

"ቅዳሜ ሁለታችሁም ከመርሳ ተነሡ" አለች። "እኔ ግራና እጠብቃችኋለሁ። ቀድሞ የመጣ መንገዱ ይመረጣል። የቀረው አፉን ይዘጋል።"

ቅዳሜ ጠዋት ወንዳወቅ ሳይክሉን እንደ ፋሲካ ዶሮ ብልት ብልቷን አውጥቶ ይዟት መጣ። እንድትቀልለት ብሎ የጭቃ መከላከያዋን፣ የኋላ መጫኛዋን፣ ደወሏን ሳይቀር ፈትቶ ጥሏል። የንጉሴ ሳይክል መሪ ላይ ግን ጉልላት የሚያክል ደወል ያብረቀርቃል።

"ንጉሴ፣ ቅዳሴ ልታስገባ ነው?" አለው።

"አንተስ ገበሬውን ድምፅ ሳታሰማ ልትገጨው ነው?"

ተሳስቀው ተለያዩ። ወንዳወቅ የማንጎውን አትክልት አልፎ፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ፣ ዳገቱን በቀላል ማርሽ ወጣው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ተቀበለው። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ የወይራው ደረቅ ቅጠል ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ይህ ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው እንደሚሉ ቁልቁል ያዩታል። ከጫካው ሲወጣ ከሸለቆው ማዶ የንጉሴን አቧራ አየ። ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በጣም ቀርቷል። ወንዳወቅ ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀና ቁልቁለቱን ለቀቀው።

ኩርባውን ሲታጠፍ ለቅሶ ላይ ወደቀ።

ሟቹ ተቀብሮ ሕዝቡ ከመቃብር ተመልሷል። ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ሜዳውን ሞልቶታል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። በዚያ አገር ለቅሶ ላይ የደረሰ መንገደኛ በቅሎም ይሁን ፈረስ ላይ ቢሆን ይወርዳል። ሳይወርድ ያለፈ ሰው ልጁ ሲዳር ሳይቀር ይነሣበታል። ወንዳወቅ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የገበሬ ልጅ ነው። ቢሆንም አንገቱን ቀብሮ በዳር በኩል ሾልኮ ሊያልፍ ሞከረ።

"አንተ ልጅ! ከበቅሎህ ውረድ!" አሉት አያ ወርቁ፣ የለቅሶው አዛዥ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተው።

"አያ፣ ይማሩኝ፣ በቅሎ አይደለችም እኮ።"

"ተቀምጠህባታል?"

"አዎ።"

"ሳትራመድ ትሄዳለህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው በቅሎ ናት። ውረድ።"

ወረደ። ከኋላው ትራስ የተሰፋበት ጥብቅ ቁምጣውን ያዩ ሴቶች ለቅሷቸውን ትተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ወርቁ ጋቢ አስመጥተው አለበሱትና ሳይክሏን ዞረው ዞረው መረመሯት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሟቹ አያ ዳምጠው የወባ ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መርጫቸውን አዝለው፣ በዚያው ጠጠር ላይ በሳይክል እየዞሩ የሰዉን ቤት ሲረጩ ኖረዋል። ወግ ነውና ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎው ጌጧን ለብሳ፣ የባለቤቷን ልብስ ተጭና ለቅሶው መካከል ትዞራለች። ዳምጠው በቅሎ አልነበራቸውም። ሳይክላቸውንም አምና ጎርፍ ወስዷታል።

"ጎረቤቴ እንደ ድመት ባዶውን ሊሸኝብኝ ነው ብዬ ስቃጠል እግዜር አንተን ላከ" አሉ አያ ወርቁ። "አንድ ዙር ብቻ።"

"አያ፣ እሽቅድድም ላይ ነኝ!"

"ዳምጠውም ቸኩሎ ነው የሄደው። አንተ ረጋ በል።"

ሳይክሏ ተሸለመች። ኮርቻዋ ላይ የሟቹ ካፖርት፣ መሪዋ ላይ ባርኔጣቸው፣ ከኮርቻው ሥር ደግሞ የዛገው መርጫ በገመድ ታሰረ። የሚጎትታት ሁሉ ፔዳሏ ቅልጥሙን ስለሚመታው መሪዋን የሚይዘው ወንዳወቅ ራሱ ሆነ። አልቃሿ ማሚቴ ደረቷን እየደቃች ጀመረች፦

ወባን ስታሳድድ ዞረህ ቤት ለቤት፣
ምነው ሳትረጨው አመለጠህ ሞት?

ሕዝቡ ተንጫጫ። ማሚቴ ግጥሟ ሰዉን እንደያዘላት ስታይ ፊቷን ወደ ሳይክሏ መለሰች፦

ገብስ የማትጠይቂ ውኃ የማትጠጪ፣
ብረቷ በቅሎዬ ጌታሽን አምጪ!

ከዚህ በኋላ አንድ ዙር የሚባል ነገር ቀረ። ዞሩ፤ ደግመው ዞሩ። በሦስተኛው ከማዶ ፒስታ ላይ ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ድምፅ መጣ። የንጉሴ አቧራ ወደ ግራና ይነጉዳል። ወንዳወቅ የዓመት ልፋቱ ዓይኑ እያየ ሲያልፍ እንባው ዱብ ዱብ አለ። የሚያለቅሰው ለመንገዱ ነው። አልቃሾቹ ግን "አይ ወገን! አይ አንጀት!" እያሉ አብረውት አነቡ።

በዚህ መሐል የሟቹ ሚስት እትዬ ደስታነሽ ተነሥተው መጡ። ከጠዋት ጀምሮ እንባ ጠብ አላላቸውም፤ ሴቶቹ በዚህ ፈርተዋል። ካፖርቱን አልነኩትም፣ ባርኔጣውንም አላዩትም። አውራ ጣታቸው መሪዋን ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፣ የፈለጉትን አጣ።

"ልጄ፣ ደወሏስ?"

"ፈታኋት፣ እማማ።"

"ለምን?"

"እንድትፈጥን ብዬ።"

"እሱ ከዚያ ጉብታ ላይ ሲደርስ ይደውላል" አሉ በጣታቸው እያሳዩ። "ገበታ አቅርቢ ማለቱ ነው። እኔም 'ሰማሁ፣ አልደነቆርኩም!' ብዬ እጮኽበታለሁ። ዕድሜ ልኬን አንድ ቀን በወግ መልሼለት አላውቅም። አንዴ ብሰማው ብዬ ነበር። ይሁን፣ ተወው።"

ሄደው ቦታቸው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንደ ደረቀ ነው። ወንዳወቅ ኀፍረት ጆሮውን አቃጠለው። ያቺን ለምታክል ብጣሽ ብረት! የሳይክሏን ጌጥ ሲፈቱለት "እግዜር ያጥናዎ" ብሎ ቶሎ ወጣ፤ የቀረውን መንገድ ሲነዳ ስለ ንጉሴ አንዴም አላሰበም።

ግራና ሲደርስ ገበያው ሊፈታ ነው። ንጉሴ ሻይ ቤቱ በር ላይ እግሩን ሰቅሎ ለስላሳ ይጠጣል። ሩት የንጉሴን ጉራ ሁሉ ተስፋ ቆርጣ ስትሰማ የቆየች ትመስላለች።

"ዘንድሮም አልጨረስክም?" አለችው።

"ለቅሶ ገጠመኝ።"

"ለተሸናፊ ለቅሶ መቼ ይጠፋዋል!" አለ ንጉሴ፤ የቆመው ሁሉ ሳቀ።

ወንዳወቅ የተለጠፈውን ካላማዳሪያ ሁሉ ሊያስቆጥራቸው ይችል ነበር፤ አፉ ላይም መጥቶ ነበር፤ ግን ወደ ንጉሴ ዞረ።

"ንጉሴ፣ ደወልህን ስጠኝ።"

"ምን?"

"እስከ ነገ። እመልስልሃለሁ።"

ንጉሴ ይህን የመሰለ ቀን በሕይወቱ አልገጠመውም። "እሺ፤ እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን እዚህ መካከል ቆመህ 'የንጉሴ መንገድ ከኔ መንገድ ይሻላል' በል። ጮክ ብለህ።"

ወንዳወቅ ያንን ገልባጭ መኪና የጋገረውን ፒስታ አሰበ። ከዚያ ጫካውን፣ ጥላውን፣ ጉሬዛዎቹን አሰበ። ገበያው እስኪሰማ ጮኾ አለው። ሩት አንገቷን ደፋች፤ ደወሉን ከንጉሴ መሪ ላይ ፈትታ የሰጠችውም እሷ ናት።

ወልድያ የምትመልሳቸው ፒክአፕ ሳይክሎቹን ስትጭን ወንዳወቅ አልተሳፈረም። በመጣበት ተመለሰ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ታች የለቅሶው ድንኳን ተተክሎ ሰዉ ተቀምጧል፤ ጉርምርምታው እስከ ላይ ይሰማል። አብዷል ሊሉኝ ነው፣ ብሎ አመነታ። ከዚያ ደወለ።

ቅጭል፣ ቅጭል።

ታች ያለው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። አንድ ሰው ከድንኳኑ ብቅ ብሎ አማተበ። ወንዳወቅ ሊሸሽ ዳድቶት ነበር፤ ግን ጀምሮታልና እንደገና ደወለ፣ ረዘም አድርጎ።

"ሰማሁ!" አሉ እትዬ ደስታነሽ ከድንኳኑ ውስጥ። "ሰማሁ፣ አልደነቆርኩም!"

ከዚያ ጩኸታቸው ወደ ላይ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ እንቢ ያላቸው እንባ ወጣላቸው። ወንዳወቅ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ሳይክሉን ይዞ እዚያው ቆመ።