የመስኮት ፀሐይ

ጎረቤቴ ደርሞት ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ልጆቼ፣ ኋላ ፍርዱ አፋችሁ ላይ ሲመጣ ትንሽ እንድትታገሡት ብዬ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። የመንገድ ግሬደር ይነዳል። ከመንደራችን ከኩራንጋ እስከ በግ እርባታዎቹ ድረስ ያለውን ቀይ አፈር ሲደለድል ይውላል፤ ነፋሱ መልሶ ያበላሸዋል፤ እሱም መልሶ ይደለድላል።

ሚስቱ ጃኔል ትታው ወደ ባሕር ዳርቻው ከተማ ስትሄድ ልጃቸውን ብሪዲን ይዛ ሄደች። ደጄ ላይ ቆማ ስትሰናበተኝ፣ «እማማ ሜቪስ፣ ይህ ሰው የያዘው ነገር ሁሉ እጁ ላይ ይሞታል» አለችኝ። ውሸት ነው ልላት አልቻልኩም። የብሪዲ ውሻ መኪና ውስጥ ተረስቶ በሙቀት ሞቷል። ዶሮዎቹንም ቀበሮ የፈጃቸው ማጎሪያቸውን ሳይዘጋ መጠጥ ቤት ስለሄደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብሪዲ የምትመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ሆነ። በስልክም ቢሆን ብዙ አያወሩም ነበር። «እንዴት ነሽ?» «ደኅና።» «ትምህርትስ?» «ደኅና።» በቃ።

ባለፈው ጸደይ ደርሞት ከውሃ ታንከሩ ሥር የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግን ሲቆፍር አካፋው የእንቁላል ጉድጓድ መታ። ያቺ ሁልጊዜ የአጥሬ ምሰሶ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅ፣ ጢም የሚመስል እሾህ አገጯ ላይ ያላት እንሽላሊት እንቁላሎቿን እዚያ ቀብራ ኖሯል። አካፋው ሁሉንም ጨፈለቃቸው፤ አንዲት ብቻ ተረፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፈር መልሶባት ይሄድ ነበር። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ለልጁ ደወለላት።

እሷ በስልክ እየመራችው እንቁላሏን ሳያገላብጥ አነሣት። በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ ቀበራት፤ ከአሮጌው ፍሪጅ አናት ላይ፣ ሙቀቱ ከሚወጣበት አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አላለም። «ዛሬ ትንሽ ወፈረች።» «እርጥበቱን አየኸው?» «አየሁት።» «መልሰህ እየው!» እኔ አጥር ማዶ ልብስ ሳሰጣ እሰማቸውና ደስ ይለኝ ነበር።

እንቁላሏ የተሰነጠቀችው ከገና በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ሲጮህ በሚውልበት ሰሞን። ብሪዲም ለዕረፍት መጥታ ነበር።

«እማማ ሜቪስ! ይሩጡ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ደግሞ፣ «አይ፣ አይሩጡ፣ ይወድቃሉ!»

ቀስ ብዬ ደረስኩ። ትንሽ ጣቴን የሚያህል ፍጥረት፣ እርጥብ፣ ዓይኑ ብቻ የጎላ፣ ከቅርፊቱ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብሪዲ ምስማር ብላ ሰየመችው።

የዓሣ የነበረውን የመስተዋት ሳጥን ቤት አደረጉለት። በአንደኛው ጫፍ የሚሞቅ አምፖል፣ በሌላው ጫፍ ጥላ፤ ሲሞቀው ሸሽቶ እንዲበርድ። የሚወጣበት ቅርንጫፍ። ከላይ ደግሞ ብሪዲ ከከተማ ይዛ የመጣችው ረጅም ቀጭን መብራት። ይኼኛው አይሞቅም፣ ብዙም አያበራም፤ ምን እንደሚሠራ በዓይን አይታይም።

«አሸዋ እንዳታደርግለት» አለችው አባቷን። «ይውጠውና ሆዱ ይዘጋል።»

«የአሸዋ አገር ፍጥረት እኮ ነው።»

«አባዬ፣ ሕፃን ነው። ጋዜጣ አንጥፍለት።»

«ጋዜጣ ያነባል?»

«ካንተ ይሻላል። አንተ ከስፖርት ገጽ አታልፍም።»

ልትሄድ ስትል ግን ቀልዱን ተወችው። በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች፤ የት እንደምትማር እናቷ ለእሷ ትታላታለች። እኔ ባለሁበት ነው የነገረችው፦

«ፋሲካ ላይ እወስናለሁ። ምስማርን ደኅና ሆኖ ካገኘሁት ካንተ ጋር እቀራለሁ።»

ደርሞት ወዲያው መለሰላት። «ደኅና ሆኖ ታገኚዋለሽ።»

«ውጭ እንዳታወጣው። አንድ ጊዜም ቢሆን። ወፎቹ ይለቅሙታል። ማልልኝ።»

ማለላት።

እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። መጠጥ ቤት ሲገባ ሎሚናት ብቻ ሆነ የሚያዝዘው። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት መነጽሩን አድርጎ ፌንጣ ይመርጣል፤ በእንስሳው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ፌንጣ አይሰጠውም። ነጭ የካልሲየም ዱቄት ይነሰንስባቸዋል። የሚበላውን ቅጠል እንደ ትንባሆ አድቅቆ ይከትፋል። ያ ትልቅ እጁ፣ የግሬደር መሪ ያጠነከረው፣ ቢላዋውን በጣት ጫፍ ይይዘው ነበር።

አንድ ቀን ሳጥኑን ሊያጥብ ሲያነሣ ረጅሙ መብራት ወድቆ ተሰበረ። ከከተማ ሌላ ለማስመጣት ፖስታ ለሚያመጣው ሾፌር መንገር አለበት፤ መልእክቱን የምትቀበለው ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኖሌን ናት። እኔም የዚያን ቀን እዚያው ነበርኩ።

«የምን መብራት ነው?» አለችው።

«ለእንሽላሊቱ። የፀሐይን ዓይነት ብርሃን የሚሰጥ።»

ኖሌን ብርጭቆ መወልወሏን ተወች። «የምን?»

«የፀሐይ።»

«ሰማችሁ?» ብላ ጮኸች። «ደርሞት ፀሐይ በፖስታ ሊያስመጣ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኬቭ የሚባለው በግ ሸላች ከጥግ ሆኖ፣ «ለእኔ ጥላ እዘዝልኝ፣ መልሱንም በዝናብ!» አለ። ደርሞት ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ይደረግ፣ ኩራንጋ ነው! እዚህ አገር ፀሐይ በግ ትገድላለች፣ ጎማ ታቀልጣለች፣ የሰው አፍንጫ ትልጣለች። ሰው ከፀሐይ ሲሸሽ ኖረ እንጂ ፀሐይ አጥቶ የታመመ ማንም አይቶ አያውቅም።

መብራቱን ሳያዝዝ ተመለሰ። ሳጥኑን የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አስጠጋው፤ የጠዋቷ ፀሐይ ሞልታ የምትገባው በዚያ ነው። ለብሪዲ አልነገራትም። ሊያታልላት ፈልጎ አይደለም፤ ከመብራቷ የሚበልጥ ነገር የሰጠው መስሎት ነው።

ምስማር መስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ይሞቃል። ይበላል። መጀመሪያ እጅ ሲያይ እንደ ጥይት ይፈተለክ የነበረው፣ ከጊዜ በኋላ መሸሹን ተወ።

«እማማ ሜቪስ፣ ይምጡና ይዩ!» አለኝ ደርሞት አንድ ጠዋት። እንሽላሊቱ መዳፉ ላይ በሆዱ ተኝቷል። «አይፈራኝም። ለመደኝ!»

«እሰይ» አልኩት። «እግሮቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ።»

«ደስ ሲለው ነው።»

ቅርንጫፉ ላይ መውጣትም ተወ። «እጄ የሚገባው በታች በኩል ስለሆነ ነው፤ ሊጠብቀኝ» አለ። ስልኩን ከሳጥኑ ፊት አቁሞ ለብሪዲ ያሳያታል። «ለምን አይንቀሳቀስም?» ትለዋለች። «ጠግቦ» ይላታል። ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ብርሃን ያየሁበት ልጅቷ የተወለደች ቀን ብቻ ነው። ለእሷ የሚሆን አልጋ ቀለም ቀባ። የመኝታ ቤቷን የዝንብ መከላከያ ወንፊት አደሰ።

ፋሲካ ሊገባ ሲል ብሪዲ ከአውቶቡስ ወረደች። ሻንጣዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፤ ደርሞት ከኋላዋ፣ እኔ ከእሱ ኋላ። ምስማርን አነሣችው። መጀመሪያ አላንቀሳቀሰችውም፣ ብቻ አየችው። ከዚያ በጣቷ ጫፍ መንጋጋውን ነካችው። እንደ ጎማ ታጠፈ።

«መብራቱስ?» አለች።

«ተሰበረ። ግን ፀሐይ አግኝቷል፣ ያውም እውነተኛውን! በየጠዋቱ!»

«ውጭ አወጣኸው?»

«ኧረ በጭራሽ! ማልኩልሽ አይደለም እንዴ? አንድ ቀን አላወጣሁትም።»

የእንስሳት ሐኪም ያለችበት ከተማ ግማሽ ቀን ያስነዳል። ብሪዲ እንስሳውን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ደርሞት ጉድጓድ ባየ ቁጥር መኪናውን እንደ እንቁላል ያሳልፋል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእንሽላሊቱን ጀርባ በቀስታ ዳበሰች፣ ራጅ አነሣችው፣ ፊልሙንም ብርሃን ላይ ሰቅላ አየችው።

«ፀሐይ ያገኛል?»

«በሽ በሽ ነው» አለ ደርሞት።

«ውጭ?»

«በመስኮት።»

«መስኮቱ ይከፈታል?»

«በዚያ አቧራ? ዝግ ነው እንጂ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። «መስተዋት ብርሃኑን ያሳልፋል። ሙቀቱንም ያሳልፋል። አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ግን ውጭ ያስቀረዋል። ያ ከሌለ የካልሲየም ዱቄት ብትሰጡትም አይሠራም። አከርካሪው ተሰብሯል፣ ጌታዬ። ብዙ ቆይቷል።»

«ግን ለምዶኝ ነበር እኮ» አለ ደርሞት። ለእሷ አይደለም የሚናገረው፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። «ስይዘው አይሸሽም ነበር።»

«መሮጥ አቅቶት ነው» አለች ሐኪሟ። ክፋት አልነበረባትም፤ የጠየቃት መስሏት ነው የመለሰችለት።

በመርፌ አሳረፈችው። ብሪዲ እስከ መጨረሻው ይዛው ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «አልተናደድኩም፣ አባዬ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አለችው። ደግማ ደግሞ።

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ውጭ አታውጣው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ» አላት።

ምስማርን ከውሃ ታንከሩ ሥር ቀበሩት፣ አካፋው እንቁላሉን ካገኘበት ቦታ። እናቲቱ እንሽላሊት በዚያች ሰዓት የአጥሬ ምሰሶ ላይ ነበረች፤ አፏን ከፍታ፣ ፀሐይዋን ከላይ እየተቀበለች። ብሪዲ አየቻት። ደርሞት ቀና አላለም።

በዕረፍቱ መጨረሻ ጃኔል ልትወስዳት መጣች። ክፉ ቃል ይወጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልወጣትም። ባዶውን ሳጥን አየች፣ እሱን አየች፣ የልጅቷን ሻንጣ አንሥታ ወጣች። ብሪዲ አባቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። «ለገና እመጣለሁ» አለችው። ሌላውን፣ ፋሲካ ላይ እወስናለሁ ያለችውን፣ ማንም አላነሣውም። የተቀባው አልጋ አሁንም ቀለም ቀለም ይሸታል።

እነሱ የሄዱ ዕለት ከወጥ ቤቱ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ብደርስ ደርሞት የመስኮቱን መስተዋት ከነክፈፉ ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ የእንጨቱን ስንጥር መልቀም ጀመረ።

ይኸው ክረምቱ ገባ። ጠዋት ጠዋት ሾርባ ይዤለት ስሄድ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምቀመጠው። ነፋሱ እንዳሻው ይገባል። ሳጥኑ ከቦታው አልተነሣም፤ ቀዩ አቧራ ጋዜጣውን ሸፍኖታል። «መስተዋቱን መልሰው፣ ልጄ፣ ብርድ ይገድልሃል» እለዋለሁ። «እሺ» ይለኛል።

ትናንት እኔ እያለሁ ስልኩ ጮኸ። ብሪዲ ናት። ደርሞት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ጎንበስ አለ። በሚመጣው ዓመት ስለምትገባበት አዲስ ትምህርት ቤት ነገረችው። እሱም ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ነፋሱ ቀደመው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች።

«ነፋስ ነው።»

«ምን?»

«ነፋስ!»

«መስኮቱን ዝጋው፣ አባዬ። አልሰማህም።»

ደርሞት ዞሮ ወደ ባዶው ቀዳዳ አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን በስልኩ ዙሪያ እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ ከንፈሩን አስጠግቶ፣ ሊላት የነበረውን ነገር ከመጀመሪያው መናገር ጀመረ።