ይቀመጡ ወይስ ተቀመጪ

ሶፋ ሠሪው እውነተኛ ስሙ ተረስቶ በሰፈሩ ‹‹ስፖንጅ›› ነው የሚባለው። ጢሙ ላይ ብናኝ ስፖንጅ አይጠፋማ! ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ ሲማር ለእንግሊዝኛው ብሎ እንዳይመስላችሁ። ለመምህርቷ ነው። ይህን የምታውቀው ታላቅ እህቱ ናት፤ አብራው እየኖረች የሶፋውን ጨርቅ የምትሰፋውም እሷ ናት። ‹‹ዛሬም ሳትነግራት ከመጣህ በሩን አልከፍትልህም!›› ብላ ላከችው።

እሱም ቆርጦ ሄደ። የዕለቱ ቃል ‹‹ሪዛይድ›› ነበር፣ መኖር ማለት። መምህርቷ ገና እንደገባ ‹‹የት ነው የምትኖረው?›› ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። እሱም አማርኛውን እንዳለ ገለበጠላት፦ ‹‹አይ ሲት ዊዝ ማይ ሲስተር፣ ኢለቨን ይርስ!›› ከእህቴ ጋር ነው የምቀመጠው ማለቱ ነው እንግዲህ። ግን ‹‹ሲት›› በእንግሊዝኛ ቁጭ ማለት ብቻ ስለሆነ፣ ሰውዬው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከወንበር ሳይነሣ ቀረ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ‹‹እግሩ አልደነዘዘም?›› አለ አንድ ሾፌር ከኋላ። መምህርቷም ብትሆን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስፖንጅ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ውልቅ አለ። ‹‹ሁለተኛ እዚያ ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው!›› ብሎ ለእህቱ ማለላት። በሩን የከፈተችለት አሳዝኗት ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሶፋ መሥሪያው ድረስ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? መምህርቷ! ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ጡብ የሚያክል መዝገበ ቃላት ታቅፋ።

‹‹አልተሳሳትክም!›› አለች ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። ‹‹ሪዛይድን ከሥሩ አየሁት። ከላቲን ነው የመጣው፤ ወደ ኋላ ብሎ መቀመጥ ማለት ነበር። እነሱም እንደኛው ተቀምጠው ነው መኖር የጀመሩት! በመሳቄ ተጸጽቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።››

‹‹ወደ ኋላ ብሎ?›› መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ‹‹ይሄማ ሶፋ ነው!››

ሁለቱም ተንከተከቱ። ሳቁ ቢያደክማት አጠገቧ ያለው ሶፋ ላይ ዘፍ ልትል ስትል፣ ‹‹ኧረ እዚያ አይቀመጡ! ምስማሩ አልተመታም!›› ብሎ ክንዷን ለቀም አደረገ። ከዚያ ትናንት የጨረሰውን ሶፋ በእጅጌው ጠረገላት። ‹‹እዚህ ይቀመጡ... እ... ተቀመጪ።››

አንቱታው የት እንደገባ እሱም አያውቅም። እሷ ግን ሰምታለች።

‹‹ሦስት ወር ሙሉ ክፍል በገባሁ ቁጥር ይቀመጡ ስትለኝ ወንበር ላይ ነበር›› አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ። ‹‹ተቀመጪ ያልከኝስ? ሶፋው ላይ ነው ወይስ...››

‹‹በላቲኑ ነው›› አለ ላብ በላብ ሆኖ። ‹‹እወድሻለሁ። እኔ ጋ ተቀመጪ።››

መምህርቷ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ፣ ተመቻችታ ተቀመጠች። ስፖንጅ በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ።

ይሄኔ እህቱ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ብቅ አለች፤ ለካ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ‹‹እሰይ!›› አለች። ‹‹እኔስ ታዲያ የት ልቀመጥ?››

መምህርቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

‹‹ነይ እትዬ፣ ሶፋው ባለ ሦስት ሰው እኮ ነው።››