ዩታ ላይ የተላለፉት

እዚህ ኖርዌይ፣ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈራችን ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠዋት ጠዋት የምወለውለው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን በዚያው ወለል ላይ ቆሜ ስለ አሜሪካ የባቡር መንገድ በአማርኛ ንግግር አደረግሁ። አሥራ ሁለት ወንበር ደርድሬ ሰባት ሰው መጣ። ሁለቱን ያስገባቸው ዝናብ ነው፤ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው የመጣው። አልተከፋሁም። የፈለግሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም አልመጣችም።

እሷ ማለት ታላቅ እኅቴ ሃይማኖት ናት። ሮምሶስ ትኖራለች፤ ከኛ ሸለቆ ማዶ። የኔም ሜትሮ የሷም ሜትሮ ከከተማ በአንድ መስመር መጥተው ቶየን የሚባል ጣቢያ ላይ ይለያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ በዚህ ዳገት ሌላው በዚያ ዳገት ይወጣሉ እንጂ አይገናኙም። ሁለት ዓመት ሙሉ በወጥ ቤቴ መስኮት የነሱን ፎቅ እያየሁ ሰሃን አጥቤያለሁ።

የተጣላነው በልጇ ክርስትና ዕለት ነው። ስለ ባቡር ሳወራ አንድ ኢንጂነር እንግዳ «የት ነው የተማርሽው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት እሷ ሳቀችና «ተዋት፣ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ያነበበችውን ነው የምትደግመው» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔ አፍ መቼ ያርፋል፤ «አንቺስ በነርስነት ዲፕሎማሽ ስንት ሽንት ቤት ጠረግሽበት?» አልኳት። ያኔ ማንም አልሳቀም። እኔም እጠርጋለሁ፤ ግን ያባከንኩት ዲፕሎማ የለኝም። ያልኩት ጥፋት ነበር። ያለችውም ጥፋት ነበር። የሷ ይበልጣል።

ለዚህ ንግግር ግሮንላንድ በሚባለው ሰፈር፣ እኅቴ ጤፍ የምትገዛበት ሱቅ በር ላይ፣ በዓይኗ ትክክል፣ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ከዚህ በላይ ልመና ምንድን ነው?

ንግግሩ ጥሩ ነበር። ራሴ ብመሰክር ምን ይለኛል፣ ሌላ የሚመሰክር የለም።

«ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ» አልኳቸው። «አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ ተነሣ። በምዕራቡ በኩል ተራራውን የፈለፈሉት አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው፤ የበረዶ ናዳ ከነድንኳናቸው እየቀበራቸው። የት እንደሚገናኙ ግን የወሰነ የለም። መንግሥት ደግሞ የሚከፍለው በማይል ነው። ስለዚህ ከፊት ከፊት እየሄዱ መሬቱን የሚደለድሉት ሠራተኞች ዩታ የሚባለው ግዛት ላይ ሲደርሱ ተያዩና ተላለፉ።»

«እንዴት ተላለፉ?» አሉ ጋሽ አስፋው። ጡረታ የወጡ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

«ጎን ለጎን። እየተያዩ መደልደላቸውን ቀጠሉ። ከሁለት መቶ ማይል በላይ ትርፍ መንገድ ሠሩ።»

«ወይ ጅሎች! አንዱ እንኳ ይብቃን አላለም?»

«ማን ይበል? ቀድሞ ያቆመ ተሸነፈ። በመጨረሻ የአገሪቱ ምክር ቤት ነው የመገናኛ ቦታ የቆረጠላቸው።»

ሰው ሲበተን ጋሽ አስፋው ቀሩ። ወንበር ሳነሣ ጠብቀው «እኅትሽን አግኝቻት ነበር» አሉኝ።

«ማን ያግኙልኝ አለዎት?»

«ማንም። ማስታወቂያሽን አይታዋለች።»

«ታዲያ?»

«‹ማስታወቂያ ለሕዝብ ነው፤ እኔ ሕዝብ ነኝ?› አለች።» ጠጋ አሉ። «ሽማግሌ ልሁናችሁ፤ ቀን ቆርጬ ላገናኛችሁ።»

«እኛ ምክር ቤት አያስፈልገንም።»

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ኮፍያቸውን እየደፉ፣ «በዚህ ምላስሽ ተራራ ይፈለፈል ነበር።»

ከሄዱ በኋላ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሕዝብ ነኝ? እውነቷን ነው። ሱቅ በር ላይ ለማንም የተለጠፈ ወረቀት ለእኅት ጥሪ አይሆንም። ተነሥቼ ሸለቆውን የሚያቋርጠውን አውቶቡስ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከፎቁ መግቢያ የስሟን ደወል ተጫንኩ።

«ያ?» አለች በደወሉ የብረት ወንፊት ውስጥ፤ በኖርዌይኛ «አቤት?» ማለቷ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?» ድምፄን ታውቀዋለች።

«ጌጤ።»

ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ይሰማል፤ አፏን ፈትታለች ማለት ነው።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«ሽማግሌ የለም?»

«የለም። ራሴ ልጠራሽ ይገባኝ ነበር። የዚያን ቀንም...»

ውሻ የያዘ ጎረቤት ከውስጥ ወጣና እንድገባ በሩን በጀርባው ደግፎ ጠበቀኝ። «ኔይ፣ ታክ» ብዬ በአገሩ ቋንቋ አመስግኜ እምቢ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ በሩም ተዘጋ። እሷ ሳትከፍትልኝ ሌላ ሰው በከፈተው በር አልገባም።

«ለንግግሩ ምን ነበር ያነበብሽው?» አለች እኅቴ።

ለሰባቱ ሰዎች ያልነገርኳቸውን ጀመርኩላት፤ ቻይናውያኑ አንድ በጋ ሥራ አንሠራም ብለው በየድንኳናቸው መቀመጣቸውን፣ ኩባንያው ምግብ እንዳይደርሳቸው መከልከሉን፣ ሳምንት ያህል በዚያ ተራራ ላይ ምንም የዶማ ድምፅ አለመሰማቱን።

«እዚያ ደጅ ብርድ የለም?» አለች በመሃል።

«አለ።»

አልከፈተችም። የበሩን ስልክም አልዘጋችም። ቀጠልኩ።